ደሴ ያለው የድባቴ መደጋገፊያ ቡድን፦ መሄድ ያዋጣል ወይ?

ረጅም ጽሁፍ ለማንበብ አቅም ለሌላችሁ (ድባቴ ላይ ሲኮን ሶስት መስመር ማንበብ ራሱ ስራ እንደሆነ ስለማውቅ) መልሱን እዚሁ ልስጣችሁ። ድባቴያችሁ ቆየት ያለ ከሆነ፣ ማለቴ ሄደ ስትሉት ዞሮ የሚመጣ ዓይነት ከሆነ፣ ሀኪም አይቷችሁ መድሃኒትም ጀምራችሁ "እሺ፣ ኪኒኑንስ ዋጥኩት፣ የቀረውን ቀን ምን ላድርገው" የምትሉ ከሆነ ሂዱ፣ ያዋጣል። ራሴን ላጥፋ የሚል ሀሳብ እየመጣባችሁ ከሆነ ግን ቅዳሜን አትጠብቁ፣ ዛሬውኑ ለምታምኑት አንድ ሰው ተናገሩና እሱን ይዛችሁ ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ሂዱ፣ ቡድኑ ራሱ የሚላችሁ ይሄንኑ ነው። አሁን ጊዜ ላላችሁ ዘርዘር አድርጌ ልጻፈው።

ቡድኑ ታፔላ የለውም፣ ማስታወቂያም አይለጥፍም፣ ሰው ለሰው ተነጋግሮ ነው የሚመጣው። ቅዳሜ ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት እስከ 10 ተኩል፣ ደሴ፣ አንድ የእድር አዳራሽ ውስጥ። ሰፈሩን አልጽፈውም ምክንያቱም ላይጻፍ ተስማምተናል፣ ከፒያሳ ወደ ላይ ደህና አድርጎ የሚያስለከልክ ዳገት አለው ብዬ ልለፈው። መግባት የፈለገ ሰው የሚታከምበት ቦታ ያሉትን የአእምሮ ህክምና ነርሶች ቢጠይቅ የሚያውቅ አይጠፋም። አዲስ ሰው በየሳምንቱ አይቀበሉም፣ በዙር ነው፣ አንድ ዙር 6 ሳምንት ነው፣ እሱን የጨረሰ ደግሞ ከፈለገ ወር በገባ በመጀመሪያው ቅዳሜ በሚደረገው ስብሰባ ይቀጥላል። እኔ አሁን የወሩ ላይ ነኝ።

የሚመሩት ሁለት ሰዎች ናቸው። አንዷ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ናቸው፣ ሁላችንም እትዬ ነው የምንላቸው፣ ሌላው ሞባይል ጠጋኝ ወጣት ነው። ሁለቱም ሀኪም አይደሉም፣ ሁለቱም ስልጠና ወስደዋል፣ ሁለቱም ድባቴ አለባቸው። አለባቸው ነው ያልኩት፣ ነበረባቸው አላልኩም። እትዬ የመጀመሪያው ቀን ላይ "እኔ አሁንም መድሃኒት እወስዳለሁ፣ ባለፈው ክረምትም ተመልሶብኝ ነበር፣ ድኛለሁ ብዬ ላስተምራችሁ አይደለም የመጣሁት" ሲሉ አጠገቤ የተቀመጠው ሰውዬ ቀና ሲል አየሁት። እኔም ቀና አልኩ መሰለኝ።

በነገራችን ላይ ታማሚ ታማሚን የሚመራበት አሰራር እዚህ የተፈለሰፈ አይደለም። አሜሪካ ስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ኬት ሎሪግ የምትባል ተመራማሪ ከባልደረቦቿ ጋር መጀመሪያ የመገጣጠሚያ ህመም ላለባቸው ሰዎች የጀመረችው ነገር ነው፣ በኋላ ለስኳር፣ ለልብ፣ ለሳምባ፣ ለድባቴም ጭምር ሰፋ፣ 6 ሳምንት፣ በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ሁለት መሪዎች። የኛው አዳራሽ ውስጥ ያለው ነገር አጥንቱ ከዚያ የመጣ ነው። ዚምባብዌ ደግሞ በፈረንጆቹ 2006 ዲክሰን ቺባንዳ የሚባል የአእምሮ ሀኪም አያቶችን አሰልጥኖ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ አግዳሚ ወንበር ላይ አስቀመጣቸው፣ የጨነቀው ሰው እየመጣ ከነሱ ጋር ያወራል፣ ችግሩን አብረው ይፈቱታል። እ.ኤ.አ. 2016 የወጣው ጥናታቸው ከስድስት ወር በኋላ አያቶቹ ጋ የሄዱት ሰዎች የህመም ምልክታቸው ከሌሎቹ በግልጽ ቀንሶ እንደተገኘ ነው ያሳየው። ይሄን የማነሳው "ደሞ እርስ በርስ ማውራት ህክምና ነው እንዴ" የሚል ሰው ሁሌ ስለማይጠፋ ነው፣ የኔ ወንድም የመጀመሪያው ነው።

እኔ ኮምቦልቻ ነው የምኖረው፣ የመጋዘን ሰራተኛ ነኝ፣ ደሴ ድረስ መመላለሱ ለምን አስፈለገ ለምትሉ መልሱ ቀላል ነው፣ ኮምቦልቻ ላይ ሁሉም ሰው ያውቀኛል። የሐረጎን ዳገት ወጥቶ ደሴ መሄድ ማለት ማንም "ምን ልታደርግ መጣህ" የማይለኝ ቦታ መሄድ ማለት ነው። የደሴ ልጆች ደግሞ በተቃራኒው እኛ ጋ ቢሆን ደስ ይላቸው ነበር፣ አንዷማ "እናንተ ጋ ይሁንና እኔ ልውረድ፣ ፀሀዩም አለ" ብላለች። ቡድኑ ውስጥ ለምስጢር ጠንካሮች ናቸው፣ ስልክ መግቢያው ላይ ቅርጫት ውስጥ ይቀመጣል፣ ፎቶ ክልክል ነው፣ ውጪ ስትገናኙ ያኛው ሰው ቀድሞ ሰላም ካላላችሁ በስተቀር አትተዋወቁም። አንዴ መናኸሪያ አካባቢ ከአንዱ አባል ጋር ፊት ለፊት ተጋጨን፣ እሱ ከሚስቱ ጋር ነበር፣ ዝም ብለን ተላለፍን። ይሄ ህግ ስራ ላይ እንደዋለ ያየሁት ያኔ ነው።

ወደ ዋናው ልግባ። አገልግሎቱ ምንድነው ካላችሁ አንድ ነገር ነው፣ የሳምንት ዕቅድ። ሌላው ሁሉ ማጀቢያ ነው።

ዕቅዱ ህግ አለው። ምን እንደምታደርጉ፣ ምን ያህል፣ መቼ፣ በሳምንት ስንት ቀን እንደሆነ ትናገራላችሁ፣ ከዛ ከ10 ስንት ትተማመናላችሁ ተብላችሁ ትጠየቃላችሁ። ከ7 በታች ካላችሁ ዕቅዱ ይቀነሳል። ሰውየው አይደለም የሚገፋው፣ ዕቅዱ ነው የሚያንሰው። እንዴት እንደሚሰራ ያየሁትን ላሳያችሁ፣ አንዲት እናት "በዚህ ሳምንት ቤቴን አጸዳለሁ" አለች።

"የቱን?" አሏት እትዬ።

"ሁሉንም።"

"ከ10 ስንት ትይዋለሽ?"

ዝም አለች፣ ነጠላዋን አስተካከለች፣ "4" አለች።

"እናሳንሰው። ወጥ ቤቱን ብቻስ?"

"6... ኧረ 5።"

ሞባይል ጠጋኙ ልጅ ገባ፣ "እታለም፣ ወጥ ቤት ስትገቢ መጀመሪያ አይንሽ የሚያርፈው ምን ላይ ነው?" አላት። ረከቦቱ ላይ ነው አለች፣ ሲኒዎቹ ከነአተላቸው ከሰንበት ጀምሮ እንደተደረደሩ ናቸው፣ ጎረቤት ቡና ጠርቶኝ እንኳን የኔ ተራ ሲደርስ እያልኩ ስለምፈራ መሄድ ትቻለሁ አለች። ስለዚህ ዕቅዱ ሲኒዎቹን ማጠብ ሆነ፣ ማክሰኞና ሐሙስ፣ ከቁርስ በኋላ፣ ከሲኒው ውጪ ሌላ ምንም እንዳትነካ ተባለች። "9" አለች። በሳምንቱ መጥታ ማክሰኞ አጥቤያለሁ ሐሙስ አላጠብኩም አለች፣ ማንም አላጨበጨበም፣ ማንም ለምን አላላትም፣ ሐሙስ ምን መጣ ብቻ ነው የተባለችው፣ አማቷ ናቸው የመጡት፣ አዳራሹ በሳቅ ሞላ። እንግዲህ ሐሙስን ወደ ዓርብ አዞሩላት፣ በቃ፣ ቀጣዩ ሰው።

ይሄ ለጤነኛ ሰው ቀልድ ይመስላል። ሲኒ ለማጠብ ስብሰባ? ግን ከድባቴ ጋር ዓመታት የኖረ ሰው ያውቀዋል፣ የሚያደክመው ስራው አይደለም፣ መጀመሩ ነው። እኛ ቤት "ትንሽ ሲሻልህ ትሰራዋለህ" ነው የሚባለው፣ እነሱ ደግሞ የተገላቢጦሹን ነው የሚሉት፣ ስሜቱ እስኪመጣ ከጠበቅህ አይመጣም፣ ትንሽዋን ስራ አስቀድማት ስሜቱ ወደ ኋላ ይከተላል፣ ባይከተልም ሲኒው ታጥቧል። ሀኪሞቹም ለድባቴ ከሚሰጡት የንግግር ህክምና አንዱ ዋና ክፍል ይሄ እንደሆነ ቡድኑ ጋ በወር አንዴ የምትመጣው ነርስ ነግራናለች። የኔ የመጀመሪያ ዕቅድ ጠዋት ከስራ በፊት ቦርከና አካባቢ ለ10 ደቂቃ መራመድ ነበር፣ ሰዓቱን ማለዳ ያደረግኩት የኮምቦልቻ ሙቀት ሳይነሳ ብዬ ነው፣ አሁን ረዘም አድርጌዋለሁ ግን ስንት እንደሆነ ልነግራችሁ አልፈልግም፣ ውድድር ስለሚሆን።

ሁለተኛው ጥሩ ነገር ዘጠኙ ጥያቄ ነው። ፒኤችኪው ዘጠኝ (PHQ-9) የሚባለው የድባቴ መለኪያ ወረቀት፣ ሆስፒታል የሄደ ሰው ሳያየው አይቀርም፣ በአማርኛም ተሰርቶ እዚሁ ኢትዮጵያ ውስጥ ተፈትሿል። ባለፉት ሁለት ሳምንታት እንቅልፍህ፣ ምግብ ፍላጎትህ፣ ጉልበትህ፣ ትኩረትህ፣ ራስህን መውቀስህ እንዴት ነበር ይላል፣ ለእያንዳንዱ ከ0 እስከ 3 ትሰጣለህ፣ ድምሩ እስከ 27 ይሄዳል፣ 10 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ሀኪም ማየት ያለበት ደረጃ ነው ይባላል። ቡድኑ በወር አንዴ ያስሞላችኋል፣ ወረቀቱ ግን እናንተው ጋ ነው የሚቀረው። ለኔ የጠቀመኝ ድምሩ አይደለም፣ ድባቴ ሲመጣ "ሁሌም እንዲህ ነበርኩ" ነው የሚያስብለው፣ ደብተሩን ገልጬ ሚያዝያ ላይ 6 እንደነበርኩ ሳይ ሁሌም እንዲህ እንዳልነበርኩ በራሴ እጅ ጽሁፍ አለ። ዘጠነኛው ጥያቄ ስለ ሞት ሀሳብ ነው፣ እዛ ላይ ከ0 ሌላ የጻፈ ሰው ለአንዱ መሪ ብቻ እንዲያሳይ ነው የሚጠየቀው፣ ከዛ ይዘውት ይወጣሉ፣ ያወሩታል፣ ብቻውን ወደ ቤቱ አይሰዱትም። ይሄን በአይኔ አይቻለሁ፣ ዝርዝሩን አልናገርም፣ ብቻ በደንብ ነው የሚሰሩት።

ሌላው የምልክት ወረቀት ነው። ድባቴው ሲመጣ መጀመሪያ ምን እንደሚጠፋባችሁ ትጽፋላችሁ፣ ያኛው ሲታይ ምን እንደምታደርጉ ትጽፋላችሁ፣ ማን እንደሚነገረው ትጽፋላችሁ። የኔ ላይ የተጻፈው፦ ስልክ ጠርቶ ሲዘጋ ደስ ይለኛል፣ ጺሜን መላጨት እተዋለሁ፣ መጋዘን ውስጥ ቆጠራውን ነገ ነገ እላለሁ፣ ምሳ ከልጆቹ ጋር መብላት ትቼ መኪና ውስጥ እቀመጣለሁ። የወረቀቱ ኮፒ እህቴ ጋ ነው። እህቴ አሁን "ምን ሆነሃል" ብላ አትጨቀጭቀኝም፣ "ከወረቀቱ ሁለቱን አይቻለሁ" ነው የምትለኝ፣ ይሄ ለሁለታችንም ስንት ጭቅጭቅ እንዳስቀረ። ድባቴ አንዴ ከያዘ ከግማሽ የማያንሰው ሰው ላይ ተመልሶ እንደሚመጣ ስለሚታወቅ፣ ሁለት ዓመትና ከዚያ በላይ ሳይለቅ የሚቆይ ዓይነትም ስላለ፣ መምጫውን ማወቅ ከመድሃኒቱ ያላነሰ ነገር ነው ባይ ነኝ።

መድሃኒት ላይ ህጋቸው ግልጽ ነው፣ ማንም ለማንም አቁም ወይ ቀይር ወይ የኔን ሞክር አይልም። መነጋገር የሚቻለው አብሮ እንዴት እንደሚኖር ነው። አሚትሪፕቲሊን የሚወስዱት አፋቸው ይደርቃል፣ ጠዋት ይከብዳቸዋል፣ ሆዳቸው ይደርቃል፣ ሀኪማቸውን ጠይቀው ማታ ላይ ያደረጉት እንዴት እንደቀለላቸው ያወራሉ። ፍሎክሰቲን የሚወስዱት ደግሞ እንቅልፍ አጣን የሚሉ አሉ፣ ጠዋት ሲያደርጉት የተሻላቸው አሉ። ጥቅሙ ሳይመጣ ጎንዮሹ ነው ቀድሞ የሚመጣው፣ ለውጡ ለመታየት ሳምንታት ይፈልጋል፣ ይሄን ነገር ስንቱ ሰው ሳያውቅ በሁለተኛው ሳምንት "አይሰራም" ብሎ እንደሚጥለው እዛ ነው የሰማሁት። ደህና ሆንኩ ብሎ በአንዴ ማቋረጥም እንደዛው፣ ከተሻለ በኋላ ቢያንስ ስድስት ወር፣ ለሚመላለስበት ሰው ደግሞ ከዚያም በላይ እንዲቀጥል ነው የሚመከረው፣ ሲቆምም በሀኪም ቀስ እየተባለ። አንድ ቀን ወንዶቹ ብቻ ስንሆን መድሃኒቱ ከሚስት ጋር መኝታ ላይ ስለሚያመጣው ችግር ተነሳ፣ አባወራው ሁሉ አቀርቅሮ ነበር፣ ከዛ አንዱ "እኔ ለሀኪሙ ነግሬው ቀየረልኝ" ሲል እንዴት ያለ እፎይታ እንደመጣ። ይሄን ነገር ኮሪደር ላይ ተሰልፈህ አምስት ደቂቃ ለሚያይህ ሀኪም አትናገረውም እኮ።

ፆም ላይም እንዲሁ። ወሎ ነንና ቡድኑ ግማሹ ረመዳንን ይጾማል ግማሹ ሁዳዴን፣ "ኪኒኑን ምን ላድርገው" የሚለው ጥያቄ በየዓመቱ አለ። በቀን አንዴ የሚወሰድ ከሆነ ከፊጥር በኋላ ወይ ሱሁር ላይ፣ ከቀሲስ ወይ ከኡስታዝ ጋርም ከሀኪም ጋርም ተነጋግሮ ሰዓቱን ማስተካከል ይቻላል፣ ዝም ብሎ ወሩን ሙሉ መተው ግን በዒዱ ማግስት ምን እንደሚያመጣ የቀመሱት ሰዎች ሲያወሩ መስማት ከማንም ምክር ይበልጣል። ጠበል የሚጠመቁ አሉ፣ ዱዓ የሚያስደርጉ አሉ፣ ማንም በማንም እምነት አይገባም፣ የሚባለው አንድ ነገር ነው፣ እሱንም አድርግ ኪኒኑንም አትጣል። የሚገርመው እዛ ቤት ማንም "አብሽር" አይልህም። ወሎ ውስጥ አብሽር የማትባልበት ሁለት ሰዓት ተኩል አገኘሁ ብል ማን ያምነኛል።

ጫት ላይ ግን ጠንከር ያሉ ናቸው፣ ቅዳሜ ከሰዓት ቅሞ መምጣት አይቻልም፣ በርጫ ላይ ተቀምጦ የመጣ ሰው "ዛሬ ይቅርብህ ቅዳሜ እንጠብቅሃለን" ተብሎ በትህትና ይመለሳል። መጀመሪያ አካበዱት ብዬ ነበር፣ ግን ምርቃናው ላይ ሰው ድኛለሁ ብሎ ትልቅ ትልቁን ያቅዳል፣ ሌሊቱን እንቅልፍ የለም፣ ጠዋት ዱካኩ ሲመጣ ያ ሁሉ ዕቅድ ራስን መስደቢያ ይሆናል፣ በዛ ላይ ጨብሲ፣ ማለትም ከጫቱ በኋላ መጠጥ፣ የሚጨምርበት ካለ ጭራሽ። ተው አይሉም ልብ በሉ፣ "ከቃምክበትና ካልቃምክበት ቀን ማግስት ስሜትህን ከ10 ጻፍ" ነው የሚሉት፣ ደብተሩ ራሱ ይናገራል። አንዳንዱ ቀንሷል አንዳንዱ አልቀነሰም።

አሁን ወደ ጉድለቱ። አለው፣ ትንሽም አይደለም።

አንደኛ አዳራሹ። ብርድ ነው፣ የደሴ ብርድ ደሞ ታውቁታላችሁ፣ ከኮምቦልቻ በሸሚዝ የወጣ ሰው አለቀለት። ክረምት ላይ ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ ሲወርድ አንድ አውድማ ሙሉ በሬ እህል የሚያበራይ ነው የሚመስለው፣ ሰው አፉ ሲንቀሳቀስ ታያላችሁ እንጂ ድምፅ የለም፣ በረዶ የጣለ ቀን ሃያ ደቂቃ ዝም ብለን ተያይተን ተቀመጥን። አንድ ሰው በስንት መከራ ስለ ልጁ ሞት መናገር ጀምሮ ዝናብ ሲያቋርጠው፣ ሲያባራ መልሶ አልጀመረውም። ለዚህ መፍትሄ መፈለግ የነበረበት ቡድኑ ነው፣ ክረምት ከመግባቱ በፊት ሌላ ክፍል ጠይቁ ብለን ነበር፣ "እናያለን" ተባለ፣ አልታየም።

ሁለተኛ ወሬ የሚያበዛ ሰው። በየቡድኑ አንድ አይጠፋም፣ እኛ ዙር ላይ የነበረው ሰውዬ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት ብቻውን ጨረሳቸው ማለት ይቻላል። ሞባይል ጠጋኙ ልጅ ይሉኝታ ያዘው፣ ሰውየው ደሞ በእድሜ አባቱ ይሆናሉ፣ እንዴት ይቁረጣቸው። እትዬ በሶስተኛው ሳምንት ሰዓት ይዘው መጡ፣ ለእያንዳንዱ ሰው አምስት ደቂቃ፣ ሰዓቱ ሲጮህ ለሁሉም ነው የሚጮኸው። ያኔ ተስተካከለ፣ ግን ከመጀመሪያው ቀን ሊኖር ይገባ ነበር፣ ሁለት ሰው በዛ ምክንያት ቀርቷል።

ሶስተኛ የሚሰጡት መማሪያ ወረቀት። አማርኛው የተተረጎመ እንደሆነ ያስታውቃል፣ "አሉታዊ የአስተሳሰብ ዘይቤዎችን መገዳደር" ምናምን ይላል፣ እትዬ ራሳቸው ያነቡና "እንግዲህ በኛ ቋንቋ..." ብለው እንደገና ይነግሩናል። ያነበበ ሁሉ አልገባኝም ብሎ ራሱን ይወቅሳል፣ ራሱን ለመውቀስ ምክንያት ለማያጣ ሰው ይሄ መሰጠት የለበትም። የሳቸውን ንግግር ቀርጸው ቢጽፉት ይሻል ነበር።

አራተኛ ቴሌግራሙ። ግሩፕ አለ፣ ሀሳቡ ጥሩ ነበር፣ ዕቅድህን ስትፈጽም "አደረግኩ" ብለህ ትጽፋለህ። አሁን ግን ጠዋት ጠዋት የጽጌረዳ ፎቶ ላይ የተጻፈ ጥቅስ ነው የሚጎርፈው፣ "ፈገግ በል ሁሉም ያልፋል"፣ ከዚህ ሸሽተን አይደል እንዴ ደሴ የወጣነው? ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ መጻፍ አይቻልም የሚል ህግ አለ፣ ይሄ ትክክል ነው፣ አንድ ሰው ሌሊት የሚልከውን የጭንቀት ድምፅ ሌላው ህመምተኛ ሲሰማ አብሮ ያድራል። እኔ ሚዩት አድርጌዋለሁ፣ ከአንድ የዙሬ ልጅ ጋር ብቻ ለየብቻ እንጻጻፋለን፣ ማክሰኞ እኔ እጠይቀዋለሁ ሐሙስ እሱ ይጠይቀኛል፣ ከግሩፑ ሙሉ ይሄኛው ይበልጣል።

አምስተኛ የባለሙያ ነገር። ነርሷ የምትመጣው በወር አንዴ ነው፣ ስትመጣ ሁሉም ጥያቄውን ሲያጠራቅም ስለሚቆይ ትጨናነቃለች። በየሁለት ሳምንቱ ብትሆን። ደግሞ በ2014 ጥቅምትና ህዳር ሁለቱም ከተሞች በጦርነቱ ሲያዙ ከሆነው ጋር ህመሙ የተያያዘበት ሰው ብዙ ነው፣ እኛ ዙር ላይ ቢያንስ ግማሹ ያነሳዋል፣ ቡድኑ ፖለቲካ አይወራም የሚል ህግ አለው፣ ህጉ ባይኖር አዳራሹ እንደማይበቃ ይገባኛል፣ ግን በቁሙ ያየውን ነገር ቅዠት እያመጣበት ያለ ሰው ሳምንታዊ ዕቅድ ብቻውን አይበቃውም፣ እሱ የባለሙያ ስራ ነው። መሪዎቹ ይሄን ስለሚያውቁ ወደ ሀኪም ይልካሉ፣ የተላከው ሰው ግን ወረፋው ረዝሞበት ሲመለስ አይቻለሁ።

ወንዶች ለምን ጥቂት እንደሆንን ትጠይቁ ይሆናል። ሴቶቹ ድሮም ቡና ላይ የልባቸውን ያወራሉ፣ ቡድኑ ለነሱ ሰፋ ያለ ቡና ነው። እኛ ደሞ የምናወራው ስለ ኳስ ነው። ሞባይል ጠጋኙ ብልጥ ነው፣ ወንድ ሲመጣ ፊት ለፊት አያስቀምጠውም፣ ወንበር አስደርድረኝ፣ ጀበናውን አድርስልኝ ይለዋል፣ እጁ ስራ ሲይዝ አፉ ይፈታል። በኔም ላይ ሰርቷል።

ክፍያ፦ ለአዳራሽና ለቡና በየሳምንቱ 50 ብር ይዋጣል፣ የሌለው አይጠየቅም፣ ማን እንደከፈለና እንዳልከፈለ እንዳይታይ ሳጥን ውስጥ ነው የሚገባው። ከኮምቦልቻ ለምንመጣው ትራንስፖርቱ ከዛ ይበልጣል፣ ሐረጎ ላይ ከባድ መኪና ሲበዛም ስለሚዘገይ አስቀድማችሁ ውጡ፣ 8 ሰዓት ሲሞላ በሩ ይዘጋል፣ አይቀልዱም። ቡናው ጥሩ ነው፣ አቦልና ቶና ብቻ ነው የሚጠጣው፣ በረካውን ያስቀሩት ለእንቅልፋችን ብለው ነው፣ ሴቶቹ እስካሁን ያጉረመርማሉ።

ኮከብ ስጥ ብትሉኝ ከ5 ለሳምንታዊ ዕቅዱ 5፣ ለምስጢር አጠባበቁ 5፣ ለእትዬ ከዛም በላይ፣ ለወረቀቱ 2፣ ለቴሌግራሙ 1፣ ለአዳራሹ እንኳን ኮከብ ብርድ ልብስ ነው የሚያስፈልገው፣ ባጠቃላይ 4። አዲሱ ዙር የሚጀምረው ከመስቀል በኋላ ነው፣ ቦታው ውስን ስለሆነ ቀደም ብላችሁ ተመዝገቡ፣ ስትመጡ ጋቢና ካልሲ፣ ከበሩ ራቅ ብላችሁ ተቀመጡ፣ በግራ በኩል ካለው መስኮት ስርም አትቀመጡ፣ መስታወቱ ተሰብሮ በካርቶን ነው የተሸፈነው።